የገንዳው እድፍ

ዱርሲቱ ዲሪርሳ ሳትፈትሽ ገንዳ ላይ ክሎሪን የጨመረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያም ሚልኬሳ አጠገቧ ቆሞ እያወራት ስለነበር ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለ ስሕተት አይገኝባትም። ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ እየተመላለሰች የሆቴሎችንና የእንግዳ ማረፊያዎችን መዋኛ ገንዳ የምትንከባከብ ልጅ ናት። እድፍ ስታይ መጀመሪያ ዓይነቱን ትለያለች፤ መድኃኒት የምታነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጠል ያመጣውን እድፍ ክሎሪን ያስለቅቀዋል። ብረት ያመጣውን ግን ክሎሪን ይብሱን ያጠቁረዋል። ይህንን ለሚልኬሳ ያስተማረችው ራሷ ነበረች። ታዲያ ባለፈው ሳምንት በእነ ሚልኬሳ ገንዳ ወለል ላይ ቡናማ ነገር አየችና ከአጥሩ ማዶ የቆሙትን ባሕር ዛፎች ቀና ብላ ተመልክታ «ቅጠል ነው» አለች። ሚልኬሳም «አዎ፣ ቅጠል ነው» አለ። ሚልኬሳ እሷ ያለችውን ሁሉ ነው የሚለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ዱርሲቱ ግን ያፈሰሰችውን ለመልቀም እንኳ አልታደለችም።

ገንዳው የሚልኬሳ አባት የኦቦ ነገሳ ነው። ኦቦ ነገሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሱሉልታ ላይ ገብስና ጤፍ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ከበግ ይልቅ ሯጭ የሚበዛበት አገር ነውና፣ ልጃቸው ሲወተውታቸው ጊዜ ከእርሻቸው ጫፍ ላይ ለሯጮች የሚከራይ ማረፊያ ሠሩ፤ ከማረፊያው መሀል ደግሞ ገንዳ አስቆፈሩ። ሯጭ ከልምምድ በኋላ እግሩን ውሃ ውስጥ ያሳርፋል ብሎ ያሳመናቸው ሚልኬሳ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን አላመነም። «በዚህ ብርድ ማን ሊዋኝበት ነው? በሬዎቹ?» እያለ ሳቀ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች የሚገቡት ሰኞ ነበር።

ዛሬ አርብ ነው። እድፉ ጥልቅ ከሆነው ወለል ተነስቶ ነጩን ልስን እያዳረሰ እስከ ደረጃው ድረስ ተስቧል። ክሎሪኑ ሳይነካው በፊት የቀጠነ ሻይ ይመስል ነበር፤ አሁን የተቃጠለ ብቅል መስሏል። የሚልኬሳ እናት ወይዘሮ አጸደ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከገንዳው ዳር ቆመዋል።

«ይሄ ነው እንግዲህ ማከም?» አሉ። «ሳትመጪ ትንሽ ነበር። ከነካሽው በኋላ ነው የሰፋው።»

«አዴ አጸደ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ዱርሲቱ። «መፈተሽ ሲገባኝ ቸኮልኩ። እስከ ሰኞ አስተካክለዋለሁ።»

«እሱስ የፈጣሪ ፈቃድ ነው። አንቺን ክፉ ነሽ አላልኩም፤ እንዲያው አንዳንድ ሰው ግን ሳይፈልገውም ዓይኑ ይከብዳል።»

«ኧረ ተይ፣ አጸደ!» አሉ ኦቦ ነገሳ ከበረንዳው።

ዱርሲቱ ነገሩ ወዴት እንደተወረወረ ገብቷታል። አባቷ ኦቦ ዲሪርሳ ሰበታ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው፤ አያቷም ቀጥቃጭ ነበሩ። ዛሬ ዛሬ ኦቦ ዲሪርሳ በብየዳ በርና መስኮት ይሠራሉ እንጂ ወናፍ ከነኩ ቆይተዋል። ግን አገሬው ቱምቱ፣ ማለትም ቀጥቃጭ፣ ያለውን ቤት ብየዳ አያስረሳውም። ዱርሲቱ ልጅ ሳለች የጎረቤት ሴቶች ሕፃን ታቅፈው በደጃቸው ሲያልፉ፣ እሷ ቀና ባለች ቁጥር የሕፃኑን ፊት በነጠላ ይሸፍኑት ነበር። ያኔ ሕፃኑን ፀሐይ እንዳይመታው ይመስላት ነበር። እውነቱ የገባት ቀን እናቷ ጉያ ገብታ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ የሰው ሕፃን አተኩራ ማየት ተወች።

ሚልኬሳ ይህን ሁሉ ያውቃል። የተዋወቁት ሰበታ፣ እሷ በምትሠራበት ሆቴል ነው። ገንዳ እንዴት እንደሚያዝ ሊያይ መጥቶ ከዳር ቆመና «ውሃው ግን ለምን ሰማያዊ ሆነ?» ብሎ ጠየቃት። «ሴራሚኩ ሰማያዊ ስለሆነ» አለችው። እሱ በራሱ ጥያቄ ሳቀ፣ እሷ በሳቁ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ ሚልኬሳ ሰበታ የሚያስኬደው ጉዳይ አጥቶ አያውቅም። የማን ልጅ እንደሆነች ስትነግረው «ጎሽ፣ በር የሚሠራልን አማች አገኘን» ነበር ያላት። እሷ ማታ ቤቷ ገብታ ይቺን ቃል መላልሳ ስታስባት አመሸች።

አሁን ግን ሚልኬሳ ከእናቱ ጀርባ ቆሞ ዓይኗን ይፈልጋል። ዱርሲቱ ቀና ብላ አየችው። ይቅርታ የሚለምን፣ የሚሳሳ፣ ደግሞም የሆነ ነገር የደበቀ ዓይን ነው። እሷ ያየችው የደበቀውን ብቻ ነው። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

* * *

ገነት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ናት፤ ቡራዩ ውስጥ ፋርማሲ ከፍታለች። ዱርሲቱ ገብታ የቫይታሚን ሲ እንክብልና ካለም ዱቄቱን በብዛት ስትጠይቃት፣ ገነት ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ጉንፋን ነው ወይስ ልጁ ነው?»

«ገንዳ ነው። እድፉ ብረት ከሆነ ቫይታሚን ሲ ሲነካው ይለቃል። ካለቀቀ ሌላ ነገር ነው።»

«ለአንድ ገንዳ ይሄን ያህል ቫይታሚን? እኔ እኮ ለደንበኞቼ አንድ ፓኬት ነው የምሸጠው።» ገነት እየተገረመች ወደ ጓዳ ገባችና የዱቄቱን ከረጢት እየጎተተች ወጣች። «በይ እንኪ። የእናትየውንስ ሆድ የሚያለዝብ ነገር አልፈለግሽም?»

ዱርሲቱ ልትስቅ ስትል ስልኳ ጮኸ። በቴሌግራም የመጣ የሚልኬሳ መልእክት ነበር። ቆማ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ ከዚያ ስልኩን ለገነት ሰጠቻት።

«ዱሬ፣ እሁድ አትምጪ። ምክንያቱን ስንገናኝ እነግርሻለሁ። በጣም እወድሻለሁ።»

«ታዲያ እወድሻለሁ ይላል እኮ» አለች ገነት።

«እሁድ ዘመዶቻቸው ይሰበሰባሉ ብሎኝ ነበር» አለች ዱርሲቱ። «ከዘመድ የሚደበቅ ፍቅር ምን ዓይነት ፍቅር ነው? ዓይኗ ይከብዳል ሲሉኝ ከኋላቸው ቆሞ ይሰማል። አንዲት ቃል አልወጣውም!»

«ቢያንስ ደውይና ጠይቂው።»

«አልደውልም።» ስልኩን ተቀብላ አጠፋችው። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ገነትም መምከሩን ተወችና አጠገቧ ተቀምጣ ትከሻዋን አቀፈቻት፤ መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ሽማግሌ ሁለቱን አይቶ ቀስ ብሎ ተመልሶ ወጣ።

ሰበታ ስትደርስ አባቷ ከወርክሾፑ ደጅ አንድ የግቢ በር ቀለም እየቀቡ ነበር። የልጃቸውን ፊት አይተው ብሩሹን አስቀመጡ።

«ማል ታቴ፣ ኢንታላ ኮ? ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ምንም አልሆንኩም አባባ። የሱሉልታውን ሥራ ልተወው ነው።»

ኦቦ ዲሪርሳ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ስለ ሚልኬሳ በቀጥታ ጠይቀዋት አያውቁም፤ ልጁ በመጣ ቁጥር ግን ወርክሾፑን ትተው ሻይ ሲያዙለት አይታለች።

«መተው ትችያለሽ» አሉ በመጨረሻ። «ሰውየው ካስቀየመሽ ሰውየውን ተዪው። ሥራውን ግን ጨርሰሽ ነው። እኛን ሰው ብዙ ነገር ብሎናል፤ የሠሩት ተበላሸ ብሎን ግን አያውቅም። ይቺን እንዳታስነኪብኝ።»

«እሺ አባባ» አለች። ነገ ሄዳ እድፉን አስለቅቃ፣ በሩን ዘግታ ልትመለስ ቆረጠች። ከቆረጠች በኋላ ግን ቀለለኝ ብላ ስትጠብቅ ጭራሽ ከበዳት።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ውርጭ ነበር። ሚልኬሳ የእንግዶቹን ፍራሽ ለማምጣት ወጥቷል፤ ኦቦ ነገሳ ከብቶቹ ጋ ናቸው። ዱርሲቱ ማንንም ሳትጠይቅ ሥራዋን ጀመረች።

በመጀመሪያ ውሃውን ፈተሸች። ያን ሁሉ ክሎሪን የሳምንቱ ፀሐይ በልቶታል። ከዚያ እንክብሎቹን ካልሲ ውስጥ ከታ፣ ካልሲውን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስራ፣ ደረጃው አጠገብ ያለውን እድፍ ተጭና ያዘች። ስታነሳው ቡናማው መሀል የካልሲዋን ያህል ነጭ ልስን ፍንትው ብሎ ታየ። በሌላ ቀን ብትሆን ትጨፍር ነበር።

«ብረት ነህ» አለችው እድፉን። «እኔ ደግሞ ቅጠል ብዬ ስምህን አጠፋሁ።»

ግን ብረቱ ከየት መጣ? ከጉድጓዱ የሚመጣውን ውሃ ቀድታ ፈተሸችው፤ ንጹሕ ነው። ቱቦው ፕላስቲክ ነው፣ ደረጃው ሲሚንቶ ነው። እድፉ ደግሞ ከሁሉ የሚጠቁረው በጥልቁ በኩል፣ ወለሉ ላይ ያለው የውሃ መውረጃ ክዳን ዙሪያ ነው። ከክዳኑ ሥር የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ፓምፑን አጠፋች፣ የዋና ልብሷን ለበሰች፣ በሱሉልታ ብርድ አንድ ጊዜ ተማረረችና ዘላ ገባች።

ውሃው እስከ አጥንቷ ዘለቀ። ክዳኑን ፈታ እጇን ስትሰድ ከባድ፣ ሹል ነገር ያዘች። ይዛው ወጥታ ከዳር አስቀመጠችው። በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ማረሻ ነው፤ ጨርቁ ከነጠላ ጫፍ የተቀደደ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ጥለት ያለው ነው። ዝገቱ ጥለቱን በልቶታል፤ ግን አልጠፋም። ወይዘሮ አጸደ ትናንት እዚሁ ዳር ተከናንበውት የቆሙት ነጠላ ጥለቱ ይኸው ነበር።

ቀና ስትል ወይዘሮ አጸደ ከኩሽናው በር ላይ ቆመዋል። እሳቸው ማረሻውን አዩ። እሷ እሳቸውን አየች።

አራስ ቤት ትራስ ሥር ቢላ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ ዱርሲቱ ታውቃለች። ብረት የሰው ዓይን ይመልሳል ይባላል። ገንዳው ገና ሳይሞላ ልትለካው መጥታ ሳለ ወይዘሮ አጸደ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠይቀዋት ነበር፤ እሷም የቀጥቃጩ የዲሪርሳ ልጅ መሆኗን ሳትደብቅ ነግራቸዋለች። በማግስቱ ነው ውሃው የተሞላው። በዚያች ሌሊት መሀል ይህ ማረሻ እዚያ ገባ። ለማን ዓይን እንደተቀመጠ የሚነግራት አላስፈለጋትም።

የመኪና ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ አጸደ ወደ ኩሽና ገቡ፤ ዱርሲቱ ማረሻውን በፎጣዋ ጠቀለለች። ሚልኬሳ እየሮጠ መጣ።

«ዱሬ! ስልክሽ ለምን አይሠራም? ትናንት ማታውን ሙሉ ስደውል! … ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ግንበኞች የረሱት ብረት ነው። እድፉን ያመጣው እሱ ነው፤ አሁን ይጸዳል። እኔም ሥራዬን ጨርሼ እሄዳለሁ። እሁድም አልመጣም፣ ሰኞም አልመጣም። ከዘመዶችህ ፊት አላሳፍርህም።»

«ከዘመዶቼ ፊት?» አለ ሚልኬሳ።

«አትምጪ አላልከኝም?»

«አትምጪ ያልኩሽ እኛ ልንመጣ ስለሆነ ነው!» ጮኸ። «አባቴ ነገ ሽማግሌ ይዞ ሰበታ ሊመጣ ነው። ቤት እንድትሆኚ ነው ያልኩሽ! አንቺ እዚህ፣ ሽማግሌው እዚያ ሆኖ ልንተላለፍ ነበር እኮ!»

ዱርሲቱ አየችው። ያ የተደበቀ ነገር ይህ ነበር? «ታዲያ እንደዚያ ብለህ መጻፍ አቅቶህ ነው?»

«ድንገት እንዲሆንብሽ ፈልጌ…»

«ሆነብኝ» አለች፤ ሳቅና ለቅሶ እኩል መጡባት። «አንተ የማትረባ! ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ሊያቅፋት ሲጠጋ ግን እጇን ደረቱ ላይ አደረገች። «እናትህስ? ተስማምተዋል?»

ሚልኬሳ መሬት መሬት አየ። «ሃርሜ አልተስማማችም። ምን እንደማደርግ አላውቅም ዱሬ። አባቴ ግን እንሂድ ብሏል፤ በኋላ ትለምደዋለች ብሏል።» ዓይኑ ፎጣው ላይ አረፈ። ከጠርዙ አረንጓዴና ሐምራዊ ጥለት ብቅ ብሏል። ጎንበስ ብሎ ገለጠው። «ግንበኛ ነጠላ አይለብስም» አለ፤ ፊቱ ደም መሰለ። «ይሄ የአያቴ ማረሻ ነው። እሷ ናት! በአንቺ ፊት እድፉን በአንቺ እያላከከች…»

ወደ ቤቱ ሊሮጥ ሲል ዱርሲቱ እጁን ያዘችው። በእነ ሚልኬሳ ግቢ እጁን ስትይዘው የመጀመሪያዋ ነው።

«ሚልኪ፣ ስማኝ። አሁን ገብተህ እናትህን ብታዋርዳቸው እውነቱ ለኔ ይወጣልኛል። ምራታቸው ግን አልሆንም። እድሜ ልካቸውን ባዩኝ ቁጥር ይህን ቀን ያስታውሳሉ። እናትህ ሳይፈቅዱም ሽማግሌ አትላክብኝ። እኔ በሰው እንባ ላይ ተረማምጄ ቤት አልገባም።»

«እና ዝም ልበል?»

«ዝም በል። ከቻልክ ደግሞ ፓምፑን ክፈትልኝ።»

ሚልኬሳ እጇን ሳይለቅ ቆየ። የወደዳት በሳቋ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን ፈራትም፣ አከበራትም። የሷ ልብ ደግሞ ይህን ሁሉ ብላ ሳትጨርስ «ምናለ ዝም ብዬ እሺ ብል» እያለ ይለምናት ነበር።

* * *

ሚልኬሳ ፓምፑ ቤት ሲገባ ዱርሲቱ የዋና ልብሷ ላይ ጃኬት ደርባ ዱቄቱን በገንዳው ዙሪያ መበተን ጀመረች። እድፉ ወዲያው አልሄደም። መጀመሪያ ጠርዙ ሳሳ፤ ከዚያ ቡናማው ከደረጃው ላይ እንደ ጉም እየተነሳ ወደ መሀል አፈገፈገ። ነጩ ልስን ከሥሩ ሲወጣ ዱርሲቱ የተከፋችውን ረስታ ፈገግ አለች። ሥራዋን ትወዳለች፤ ምን ታድርግ!

ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ወይዘሮ አጸደ ጋቢ ይዘው ቆመዋል። ሰጧት፤ ስትለብሰው ግን አልሄዱም።

«ለልጄ ግንበኛ ረስቶት ነው ስትዪው ሰማሁ» አሉ። «ለምን አልተናገርሽብኝም?»

ዱርሲቱ ፎጣውን ገለጠችና ማረሻውን በሁለት እጇ ይዛ አነሳችው።

«አዴ አጸደ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህንን ማረሻ ማን ሠራው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። የባሌ አባት ከገበያ የገዙት ነው።»

«እኔ አውቃለሁ። የማንን ቤት ባይሆንም ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አውቃለሁ። እንደ አባቴ ያለ ሰው እሳት ዳር ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጭስ እየለበለበው የቀጠቀጠው ነው። ከኛ ዓይን ያድነኛል ብለው ያስቀመጡት ብረት ከኛው እጅ የወጣ ነው።» ማረሻውን ወደ እሳቸው አቀረበችው። «ይህ ማረሻ ይህን መሬት ባያርስ ሚልኬሳ ምን በልቶ ያድግ ነበር? እጃችን የሠራው ካበላችሁ፣ ዓይናችን እንዴት ነው የሚገድላችሁ? እኔ ልጅዎን ያየሁት በፍቅር ነው። እንዲህ ያየሁት ሰው ደግሞ የለም።»

ወይዘሮ አጸደ ከገንዳው ዳር ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሊመልሱ ጀምረው ተዉት።

«ከሚልኬሳ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ» አሉ። «አንደኛዋ ሴት ነበረች። ሰው አይቷት ነው አሉኝ፤ እኔም አመንኩ። ሌላ ምን ልመን? ሐኪም የለ፣ መንገድ የለ። እሱ ሲተርፍልኝ ከሰው ሁሉ እየደበቅሁ አሳደግሁት። ከቀጥቃጭ ቤት ሰው ጋር አንድ ማዕድ አትቅረቢ ብላ ነው እናቴም እኔን ያሳደገችኝ። አንቺን ሲያይሽ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ሳይ ደነገጥኩ። ልጄን የሚወስድብኝ መጣ ብዬ ነው እንጂ አንቺን ጠልቼሽ አይደለም። ጠላሁሽ ብዬ ራሴን ባላታልል ኖሮ ግን ፍርሃቴን ምን አባቴ አደርገው ነበር…» እንባቸው ወረደ። «ያቆሸሽኩት እኔ፣ ውርጭ ውስጥ የገባሽው አንቺ።»

«ክሎሪኑን ያለቦታው የጨመርኩት ደግሞ እኔ» አለች ዱርሲቱ። «ሁለታችንም ቸኮልን።»

ወይዘሮ አጸደ በእንባቸው መሀል ሳቅ አመለጣቸው። ከዚያ ተነሱና ወደ ኩሽና ሄዱ። ዱርሲቱ ልባቸው ተቀይሞ ይሁን ለዝቦ ሳታውቅ ብቻዋን ቀረች። ብሩሿን ይዛ ከደረጃው ላይ የቀረውን ፈተገች፤ ሲጸዳ ሌላ እድፍ እንዳይዘው ውሃውን አስተካከለች፤ እጇ ይሠራል፣ ጆሮዋ ግን ኩሽናው ጋ ነው።

ወይዘሮ አጸደ ሲመለሱ የሚያጨስ ገንፎ በእንጨት ገበታ ይዘዋል። አንድ ገበታ ነው። ከገንዳው ዳር መሬቱ ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ በጉልበታቸው ሕመም እያቃሰቱ እሷ አጠገብ ቁጭ አሉ፣ ትከሻቸው ትከሻዋን ነክቶ።

«ብርዱ ገብቶብሻል። ብዪ» አሉ።

ዱርሲቱ ገበታውን አየች፤ እሳቸውን አየች። እጇን ግን አልዘረጋችም። ወይዘሮ አጸደ ይህን ሲያዩ መጀመሪያ ራሳቸው ቆረሱ፣ ቅቤው ውስጥ ነከሩ፣ ወደ አፏ አመጡት። ጎረሰች። ቀጥሎ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ጠበቁ። ዱርሲቱ ምን እንደሚጠብቁ ሲገባት ቆርሳ አጎረሰቻቸው። ወይዘሮ አጸደ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ።

«ነገ አባትሽ ቤት ሽማግሌው ሲመጣ እኔም ልምጣ?» አሉ በቀስታ። «ወጉ አይደለም፤ ሴት አብራ አትሄድም። ግን አባትሽን በዓይኔ አይቼ ይቅርታ ልላቸው እፈልጋለሁ። ከገበታቸውም እበላለሁ።»

«ይምጡ» አለች ዱርሲቱ።

ሚልኬሳ ፓምፑን አስተካክሎ እጁን እየጠረገ መጣ። ገንዳው ነጭ ሆኗል፤ እሱ ግን ገንዳውን አላየውም። እናቱና ዱርሲቱ መሬት ላይ፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ደርበው፣ ከአንድ ገበታ ሲበሉ አየና ባለበት ተተከለ።

«ሃርሜ…» አለ።

ወይዘሮ አጸደ ቀና እንኳ አላሉም። «ዝም በል» አሉት፤ «ልጄ እየበላች ነው።»